ፊልምን ለታብሌት ስለመቀየር፦ «ትልቁን ቁጥር ምረጡ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ፊልምን በታብሌት ለማየት ቪዲዮ እንዴት መቀየር እንደሚገባ የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በደሴና በኮምቦልቻ ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ሰንብቷል። ቋንቋው ግልጽ፣ ምክሩም አጭርና በቃል የሚያዝ በመሆኑ ብዙ ሰው ተቀብሎታል፤ ፊልም የሚጭኑ አንዳንድ ሱቆችም የመቀየሪያ ፕሮግራማቸውን በእሱ ልክ አስተካክለዋል። እኔ በደሴ የሠርግና የቤተሰብ ቪዲዮዎችን ከካሴትና ከዲስክ ወደ ፋይል እገለብጣለሁ። በዚህ ምክር መሠረት የተቀየሩ ፋይሎችም «ለምን አይከፍትም?»፣ «ድምፁ የት ሄደ?»፣ «ምስሉ ለምን ይደናቀፋል?» ከሚሉ ጥያቄዎች ጋር ወደ እጄ ይመጣሉ። ስለዚህ ጽሑፉ የሚለውን ሳላዛባ አስቀምጬ፣ የማልስማማበትን ከነምክንያቱ በየተራ እመልሳለሁ።

የጽሑፉ ምክሮች በአጭሩ የሚከተሉት ናቸው። ማንኛውም ፊልም፣ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ወደ 1920 በ1080 ፒክስል (ምስሉ የተሠራባቸው ነጥቦች ብዛት፣ ወደ ጎንና ወደ ታች) ይቀየር፤ አሮጌውም በዚህ መንገድ ይጠራል። ቢትሬቱ፣ ማለትም ለአንድ ሰከንድ ፊልም የሚመደበው የመረጃ መጠን፣ ለሁሉም ፊልም በሰከንድ 4000 ኪሎቢት ይሁን። ኮዴኩ፣ ማለትም ምስሉ መጠኑ የሚቀነስበትና ሲታይ መልሶ የሚፈታበት ስልት፣ ዘወትር ኤች 265 ይሁን፤ የፋይሉን መጠን በግማሽ ይቀንሳልና። የፍሬሙ (የእያንዳንዱ ነጠላ ምስል) ቁጥር በሰከንድ ወደ 30 ከፍ ይበል፤ እንቅስቃሴው ይለሰልሳል። ኤምኬቪ የተባለው የፋይል ዓይነት በታብሌት ስለማይከፈት እንደገና ወደ ኤምፒ4 ይቀየር። ድምፁ ባለ ስድስት ቻናል ከሆነ እንዳለ ይቀመጥ፤ ካልሆነም 320 ኪሎቢት ይሰጠው። ከፍጥነት አማራጮች ፈጣኑ ይመረጥ፤ ልዩነቱ የጊዜ እንጂ የጥራት አይደለም። በመጨረሻም ቅየራው ሲያልቅ ዋናው ፋይል ቦታ እንዳይዝ ይጥፋ።

ጸሐፊው የተነሡበት ችግር እውነተኛ መሆኑን በቅድሚያ ልመስክር። ከደሴ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ በሞባይል ዳታ ፊልም እያዩ መጓዝ ወጪውም ኔትወርኩም ስለማይፈቅድ፣ ቤት ውስጥ አዘጋጅቶ መጫን ትክክለኛ ምክር ነው። ኤምፒ4 በአብዛኛው ታብሌት ለመከፈት የተሻለ ዕድል አለው ማለታቸውም ልክ ነው። የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍን ከምስሉ ጋር አዋሕዶ መቀየር ይሻላል ያሉትንም በአብዛኛው እቀበላለሁ፤ የግዕዝ ፊደል የሌለው ማጫወቻ ሲገጥም በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን የሚደረደርበት ጊዜ አለና።

የማልስማማው ከመነሻ ሐሳባቸው ጋር ነው። ጽሑፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጥራቱ ይጨምራል በሚል እምነት ላይ ቆሟል። እነዚህ ኮዴኮች ግን የሚሠሩት ዓይን አያስተውለውም ተብሎ የሚገመተውን መረጃ በመጣል ነው፤ አንድ ጊዜ የተጣለውም በሚቀጥለው ቅየራ አይመለስም። በመሆኑም ቅየራ ምንጊዜም ቢሆን ከዋናው ፋይል ላይ ምን ቢቀነስ እንደማይጎዳን የመምረጥ ሥራ ነው፤ ምርጫው የሚቃናውም በእጃችን ያለው ፋይል ምን እንደያዘ፣ የምናይበት ታብሌት ደግሞ ምን ማሳየትና ምን ማጫወት እንደሚችል ስናውቅ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምሰጣቸው መልሶች በሙሉ ከነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የሚነሡ ናቸው።

ከመጀመሪያው ምክር ልጀምር። በየቤቱ የተቀመጡት የቆዩ የአማርኛ ፊልሞች ብዙዎቹ የወጡት በቪሲዲ ነው። የቪሲዲ ምስል በእኛ አገር በሚሠራበት፣ ፓል በተባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት 352 በ288፣ ማለትም 101,376 ፒክስል ነው፤ 1920 በ1080 ደግሞ 2,073,600 ፒክስል ይሆናል። ይህ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ታዲያ ፊልሙ ወደ 1080 ሲቀየር ከየሃያው ፒክስል አሥራ ዘጠኙ ከየት ይመጣል? ፕሮግራሙ የጎረቤት ፒክስሎችን ቀለም አማክሎ በግምት ይሞላዋል እንጂ ካሜራው ያላነሣውን የተዋናይ ዐይን ሽፋሽፍት ሊያመጣው አይችልም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። ከሁሉም በላይ ታብሌቱ ራሱ ትንሹን ምስል ሲያጫውት በስክሪኑ ልክ አሳድጎ ያሳየዋል፤ ያንኑ ሥራ ቀድመን በፋይሉ ውስጥ ብንሠራው የምናተርፈው የፋይሉን መወፈር ብቻ ነው።

ጸሐፊው ያላነሡት ሌላ ጉዳትም አለ። ቪሲዲውም፣ አሮጌው የሠርግ ካሴትም በአብዛኛው የተቀረጹት በአራት ለሦስት ምጥጥን ነው፤ 1920 በ1080 ግን አሥራ ስድስት ለዘጠኝ ነው። በጽሑፉ እንደተባለው ሁለቱንም ቁጥሮች በእጅ ሞልቶ የሚቀይር ሰው ምስሉን ወደ ጎን በሢሶ ይለጥጠዋል። ከሃያ ዓመት በፊት የተቀረጸች ቀጭን ሙሽራ ፊቷ ጠፍጥፎ፣ ትከሻዋ ሰፍቶ፣ የመኪናዋ ጎማ እንቁላል መስሎ የወጣበትን ፋይል ቤተሰቡ ይዞልኝ መጥቶ ያውቃል፤ ካሴቱ ግን ምንም እንከን አልነበረበትም። የሚሻለው የስፋቱን ቁጥር ብቻ ወስኖ ቁመቱን ለፕሮግራሙ መተው፣ ወይም ምጥጥኑን እንዲጠብቅ ማዘዝ ነው።

አዲስና ጥሩ ፊልምስ ቢሆን? ያን ጊዜ ጥያቄው ስለ ታብሌቱ ይሆናል። በዋጋ መካከለኛና ዝቅተኛ የሆኑ ብዙ ታብሌቶች ስክሪናቸው 1280 በ800 ነው፤ በእንዲህ ያለ ስክሪን ላይ የ1080 ፊልም ከመታየቱ በፊት ታብሌቱ ከግማሽ በላይ የሆነውን ፒክስል መልሶ ይቀንሰዋል። ለሲኒማ የተሠሩ ሰፋፊ ፊልሞች ደግሞ ምጥጥናቸው 2.39 ለ1 ስለሚሆን፣ ከ800ው የስክሪን መስመር የሚጠቀሙት 536 ያህሉን ብቻ ነው፤ የተቀረው ከላይና ከታች ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የዓይናችንም አቅም ውስን ነው። ጤናማ ዓይን ከ45 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከ0.13 ሚሊ ሜትር ገደማ ያነሱ ነጥቦችን ለያይቶ ማየት ይቸግረዋል፤ የባለ 8 ኢንቹ 1280 በ800 ታብሌት አንዷ ፒክስል ስፋትም ከዚሁ ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ታብሌት 1280 በ720 በቂ ነው። ባለ 10 ኢንች፣ 1920 በ1200 ስክሪን ያለውና ዋናው ፋይሉም በእርግጥ 1080 የሆነ ሰው ግን ጸሐፊው እንዳሉት 1080 ላይ ቢቆይ ትክክል ነው፤ በዚህ ረገድ ምክራቸው ለተወሰኑ ሰዎች ይሠራል።

ሁለተኛው የ4000 ኪሎቢት ምክር ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት፤ ብዙ የማስታወሻ ካርድ የሚሞላውም፣ ብዙ ምስል የሚበላሸውም በእሱ ነውና። በሰከንድ 4000 ኪሎቢት ምስልና 320 ኪሎቢት ድምፅ ለሁለት ሰዓት ፊልም ሲሰላ 3.9 ጊጋባይት ያህል ይመጣል። በ32 ጊጋባይት ካርድ ስምንት ፊልም ገደማ ከተጫነ ካርዱ ሞላ ማለት ነው። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ከሆነ ደግሞ 4.8 ጊጋባይት ያልፋል፤ እስከ 32 ጊጋባይት ያሉ ካርዶች በተለምዶ የሚዘጋጁበት ፋት 32 የተባለው የፋይል ሥርዓት ግን ከአራት ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ካርዱ ባዶ ሆኖ ሳለ «ቦታ የለም» ወይም «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል መልእክት ወጥቶባቸው ካርዱ ተበላሽቷል ብለው የጣሉ ሰዎች አሉ፤ ካርዱ ግን ደኅና ነበር።

የመጠኑ ጉዳይ እንኳ ቢታለፍ፣ ለሁሉም ትዕይንት አንድ ዓይነት ቢትሬት መመደብ በራሱ ስሕተት ነው። አንድ የወሎ ሠርግ ቪዲዮ እናስብ። ሽማግሌዎች በተርታ ተቀምጠው ሲመርቁ ካሜራው በእግሩ ቆሟል፤ ከፍሬም ፍሬም የሚለወጠው የመራቂው ከንፈርና እጅ ብቻ ስለሆነ ኮዴኩ የቀረውን «እንዳለፈው ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እዚህ ላይ 4000 ኪሎቢት ትርፍ ነው። ከአፍታ በኋላ ጭፈራው ይጀመራል፤ ስክስታ የሚመታው ትከሻ፣ የሚወዛወዘው ነጠላ፣ የሚበተነው ብልጭልጭ ወረቀትና የሚሽከረከረው የአዳራሽ መብራት በአንድ ጊዜ ስክሪኑን ይሞሉታል። አሁን እያንዳንዱ ፍሬም ካለፈው የተለየ ስለሆነ፣ በተለይ ምስሉ ወደ 1080 ተለጥጦ ከነበረ፣ ያው 4000 ኪሎቢት ያጥረውና የነጠላው ጥለት ወደ ካሬ ካሬ ቁርጥራጭ ይለወጣል። ቤተሰቡ አቁሞ ማየት የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ የጭፈራ ትዕይንት ነው።

መፍትሔው ቢትሬትን ትቶ የጥራት ደረጃን መወሰን ነው። ሃንድብሬክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ ይህ አርኤፍ ተብሎ ይጠራል፤ ኤች 264 ለተባለው፣ ከኤች 265 በፊት ለነበረው ኮዴክ ከ0 እስከ 51 ያለው መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱ ይጨምራል። ፕሮግራሙ ራሱ ለየትዕይንቱ የሚያስፈልገውን ያህል መረጃ ይመድባል፤ ለምርቃቱ ይቆጥባል፣ ለጭፈራው ይለቅቃል። የፕሮግራሙ ሠሪዎች የሚመክሩት ለዲቪዲ መጠን ከ18 እስከ 22፣ ለ720 ከ19 እስከ 23፣ ለ1080 ከ20 እስከ 24 ነው። ቁጥሩ በስድስት ያህል ሲወርድ ፋይሉ በግምት እጥፍ ስለሚሆን፣ «ለማንኛውም» ተብሎ 14 ላይ ማድረግ ቦታ ከማባከን በቀር ጥቅም የለውም። እኔ ለ720 ታብሌት ከ21 ወይም ከ22 እጀምራለሁ። ጨለማ የበዛበትን ፊልም፣ እንዲሁም ከጦሳ ተራራ ላይ የወረደ ጭጋግ ከበስተኋላ የሚታይበትን የደሴ ቀረጻ ግን በአንድ ወይም በሁለት ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ቀስ በቀስ ከነጭ ወደ ግራጫ የሚሄደው የጭጋግ ቀለም መረጃ ሲያጥረው ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ስለሚታይ ነው። እዚህ ላይ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልተውላቸው፤ ፋይሉ የግድ ከተወሰነ መጠን ማለፍ የማይችል ከሆነ ቢትሬት መወሰን ተገቢ ነው። ያኔም ቢሆን ፕሮግራሙ ፊልሙን ሁለት ጊዜ እንዲያልፍበት፣ ማለትም መጀመሪያ አጥንቶ ቀጥሎ እንዲቀይር፣ የሚያዘውን አማራጭ ማብራት ይገባል።

ሦስተኛው ነጥብ ኤች 265 ነው። ኤች 264 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003፣ ኤች 265 ደግሞ በ2013 ነው፤ አዲሱ በተመሳሳይ ጥራት ግማሽ መጠን እንዲይዝ ታስቦ መሠራቱም እውነት ነው። ብልጫው ግን በትልልቅ ምስሎች ላይ የሚጎላ፣ በዲቪዲና በቪሲዲ መጠን ላይ የሚያንስ ነው፤ ቅየራውም በተመሳሳይ ኮምፒውተር ላይ እጅግ የረዘመ ጊዜ ይወስዳል። ዋናው ችግር ግን ያለው በታብሌቱ በኩል ነው። አንድሮይድ ከ5.0 ጀምሮ፣ አይፓድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ከወጣው አይኦኤስ 11 ጀምሮ ኤች 265ን ያውቁታል፤ ሶፍትዌሩ አወቀው ማለት ግን የታብሌቱ ቺፕ ለዚህ የተሠራ ክፍል አለው ማለት አይደለም። ይህ ክፍል ከሌለ ሥራው በሙሉ በዋናው ፕሮሰሰር ላይ ይወድቃል።

አንዲት የኮምቦልቻ እናት ልጃቸው ከዓረብ አገር የላከችላቸውን ታብሌት ይዘው መጥተው ነበር። የተጫነላቸው ፊልም ሲከፈት ድምፁ ቀድሞ ይሄዳል፤ ምስሉ ቆም እያለ ይከተለዋል፤ ተዋናዩ ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ አፉ ይንቀሳቀሳል። ጥቂት ደቂቃ እንደተጫወተ የታብሌቱ ጀርባ ሞቀ፤ ባትሪውም ዐይናችን እያየ ወረደ። እሳቸው ታብሌቱ አርጅቷል ብለው ሊተዉት ነበር። ፋይሉ ኤች 265፣ ያውም ባለ 10 ቢት፣ ማለትም ለቀለሙ ከተለመደው 8 ቢት የበለጠ መረጃ የሚይዝ፣ ነበር። ከዋናው ዲቪዲ ተነሥቼ በኤች 264፣ ባለ 8 ቢት ስቀይረው በዚያው ታብሌት ላይ ያለ እንከን ሠራ። ባለ 10 ቢትን በተመለከተ ጽሑፉ ምንም አለማለቱ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ኤች 264ም ቢሆን ባለ 10 ቢት ሲሆን የታብሌት ቺፖች በአብዛኛው አያጫውቱትም። ታብሌቱ አዲስ፣ ፊልሙም 1080 የሆነለት ሰው ኤች 265ን ቢመርጥ አልቃወምም። ለማያውቁት ታብሌት የሚዘጋጅ ፊልም ግን ኤች 264 ይሁን። ከሁሉም የሚሻለው ሙሉ ፊልሙን ከመቀየር በፊት ብዙ እንቅስቃሴ ካለበት ቦታ አንዲት ደቂቃ ብቻ ቀይሮ በዚያው ታብሌት ላይ መሞከር ነው፤ ሃንድብሬክ ከየትኛው ሰከንድ እስከ የትኛው እንደሚቀየር ለመወሰን ያስችላል።

የ30 ፍሬሙ ምክር ብዙ ክርክር አያስፈልገውም። የሲኒማ ፊልም በሰከንድ 24፣ በፓል የተቀረጸው 25 ፍሬም አለው። 25ቱን 30 ለማድረግ ፕሮግራሙ ከየአምስቱ ፍሬም አንዱን ይደግመዋል፤ ካሜራው ከጎን ወደ ጎን ሲዞር የሚታየው መደናቀፍ የሚመጣው ከዚህ ነው። «ከዋናው ጋር አንድ ዓይነት» የሚለውን አማራጭ መርጦ መተው ነው። ምስሉ እንዲለሰልስ የሚፈልግ ሰው ይልቅ ኢንተርሌስን ቢያይ ይበጀዋል፤ የቴሌቪዥንና የካሴት ቀረጻዎች እያንዳንዱ ፍሬም ከሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች መስመሮች የተሸመነ ስለሆነ፣ በታብሌት ሲታዩ የሚንቀሳቀስ እጅ ጠርዝ ላይ አግድም ቀጫጭን መስመሮች ይወጣሉ። ዲኢንተርሌስ የሚለው ማጣሪያ ይህን ያጠፋል፤ በኢንተርሌስ ላልተቀረጸ ፊልም ግን ማብራት አያስፈልግም።

ኤምኬቪ በታብሌት አይከፈትም የሚለው አምስተኛ ነጥብ በከፊል ብቻ እውነት ነው። የአይፓድ የራሱ ማጫወቻ አይከፍተውም፤ አንድሮይድ ግን ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ቪኤልሲ የተባለው ነፃ ማጫወቻም በሁለቱም ላይ ይከፍተዋል። ዋናው ነገር ኤምኬቪና ኤምፒ4 ምስሉና ድምፁ የሚቀመጡባቸው ማሸጊያዎች እንጂ ኮዴኮች አለመሆናቸው ነው። ውስጡ ያለው ኤች 264 ምስልና ኤኤሲ በተባለው የድምፅ ኮዴክ የተሠራ ድምፅ ከሆነ፣ ከአንዱ ማሸጊያ አውጥቶ ወደ ሌላው ማስገባት በቂ ነው። ለምሳሌ አቪዲመክስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ምስሉንም ድምፁንም «ኮፒ» ላይ አድርጎ ኤምፒ4 ብሎ ማስቀመጥ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ ከጥራቱም ቅንጣት አይቀንስም። በጽሑፉ ምክር የሚሄድ ሰው ግን ለዚሁ ጉዳይ ኮምፒውተሩን ሰዓታት አሠርቶ የከፋ ምስል ያገኛል። ሃንድብሬክ ምስሉን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ስለሚቀይር ለዚህ ሥራ እንደማይሆንም ልብ ይባል።

ከዚሁ ጋር ለእኛ ከተሞች የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ኤምፒ4 ፋይል የትኛው ፍሬም የት እንደተቀመጠ የሚነግረው ማውጫ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ቅየራው ሲጠናቀቅ ነው። ዘጠና በመቶ ላይ መብራት ከጠፋ በዲስኩ ላይ የሚቀረው የማይከፈት ፋይል ነው። ኤምኬቪ ግን መረጃውን እየከፋፈለ ስለሚጽፍ እስከተቋረጠበት ድረስ ያለው ይከፈታል። ስለዚህ ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ ረጅም ካሴት የሚገለብጥ ሰው መጀመሪያ በኤምኬቪ አስቀምጦ በኋላ ማሸጊያውን ወደ ኤምፒ4 ቢለውጥ ሌሊቱን ሙሉ የተሠራ ሥራ አይጠፋበትም።

ድምፅን በተመለከተ «ምስል አለ፣ ድምፅ የለም» የሚለው አቤቱታ በአብዛኛው የሚመጣው ባለ ስድስት ቻናሉን ድምፅ እንዳለ ከማስቀመጥ ነው። የዲቪዲ ድምፅ ብዙ ጊዜ ዶልቢ ዲጂታል ነው፤ ሌሎች ፊልሞች ደግሞ ዲቲኤስ ይዘው ይመጣሉ፤ ሁለቱንም የብዙ ታብሌቶች የራሳቸው ማጫወቻ አይፈታቸውም። ቢፈታቸውም ታብሌቱ ያለው አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ድምፅ ማውጫ ነው። በባለ ስድስት ቻናል ፊልም የተዋናዮቹ ንግግር በአብዛኛው ያለው በመካከለኛው ቻናል ላይ ስለሆነ፣ በአግባቡ ካልተዋሐደ ሙዚቃው እየጮኸ ንግግሩ አይሰማም፤ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ባለው የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ በሚያጓራ አውቶቡስ ውስጥ ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። በቅየራው ጊዜ ወደ ሁለት ቻናል ኤኤሲ፣ 128 ወይም 160 ኪሎቢት ማውረድ ይበቃል፤ 128 ኪሎቢት በሰዓት የሚወስደው 58 ሜጋባይት ያህል ነው። ዋናው ድምፅ ዶልቢ ዲጂታል ከሆነ በሃንድብሬክ የድምፅ ክፍል ውስጥ ዲአርሲ የሚለውን ከ1.5 እስከ 2.5 ባለው ውስጥ ማድረግ ዝቅ ያለውን ንግግር ከፍ፣ የሚጮኸውን ዝቅ ያደርገዋል። የቪሲዲ ድምፅ ሲጀመር 224 ኪሎቢት ስለሆነ 320 መስጠት የሚጨምርለት ነገር የለም።

ፈጣኑን መምረጥ ጥራት አይቀንስም የሚለውም ውሃ አያነሣም። ፈጣኑ አማራጭ የሚፈጥነው መጠንን ለማሳነስ የሚያገለግሉትን ስሌቶች ብዙዎቹን ስለሚዘል ነው፤ በተመሳሳይ ቢትሬት ምስሉ ይበላሻል፣ በተመሳሳይ አርኤፍ ደግሞ ፋይሉ ያብጣል። በኮምፒውተሩ ግራፊክስ ክፍል በኩል የሚደረገው ቅየራም በጣም ፈጣን ቢሆንም በተመሳሳይ መጠን በአብዛኛው ጥራቱ ያነሰ ነው። መብራት በማይታመንበት ሰዓት ሥራ ማድረስ ያለበት ሰው ፈጣኑን ቢጠቀም ግን አልፈርድበትም፤ ፋይሉ ትንሽ እንደሚወፍር አውቆ ይጠቀምበት።

ከሁሉም አጥብቄ የምቃወመው የመጨረሻውን ምክር ነው፤ ሌሎቹ የሚያበላሹት አንድ ቅጂ ሲሆን ይህኛው ምንጩን ያጠፋል። የተገዛ ፊልም ቢጠፋ ሌላ ይገኝለታል፤ የሠርግ፣ የክርስትና፣ የኒካህ ቀረጻ ግን ከአንድ ቤት ውጭ ሌላ ቦታ የለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤቱን ጥሎ ከወጣው ሕዝብ ብዙው ሲመለስ አልበሙንም፣ ካሴቱንም፣ ኮምፒውተሩንም አላገኘም። ከነዚያ ቤተሰቦች አንዳንዶቹ የቀረቻቸውን አንዲት ዲስክ ከዘመድ ቤት ፈልገው ያመጡልኛል። እንዲህ ያለውን ቀረጻ ወደ 4000 ኪሎቢት ቀይሮ ዋናውን ማጥፋት፣ ነገ የተሻለ ታብሌት ወይም የተሻለ ኮዴክ ሲመጣ መነሻ እንዳይኖር ማድረግ ነው። ከሚኒ ዲቪ ካሴት በቀጥታ የተገለበጠ ፋይል በሰዓት 13 ጊጋባይት ያህል ስለሚይዝ ቦታ መውሰዱ አይካድም። በታብሌቱ ላይ መቀመጥ ግን የለበትም፤ ለታብሌቱ ትንሿ ቅጂ ትበቃዋለች። ዋናው በውጫዊ ሀርድ ዲስክ ላይ፣ ሁለተኛው ቅጂው ደግሞ ሌላ ቤት በሚገኝ ሌላ ሀርድ ዲስክ ላይ ይቀመጥ። ጸሐፊው ጽሑፋቸውን አሻሽለው እንደገና የሚያሰራጩ ከሆነ፣ በሌሎቹ ነጥቦች ላይ ባንስማማ እንኳ «ዋናው ፋይል ይጥፋ» የምትለዋን መስመር ከሁሉ አስቀድመው እንዲያወጡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።